ሙከራዊ ዘዴ (ሥነ ልቦና)

ሙከራዊ ዘዴ አጥኚው አንድን ሁኔታ ሆን ብሎ እየለወጠ፣ ሌላውን ባለበት አጽንቶ፣ ለውጡ በባህርይ ላይ ያስከተለውን ውጤት የሚለካበት የሥነ ልቦና ምርምር ስልት ነው። የሚለወጠው ነጻ ተለዋዋጭ፣ የሚለካው ጥገኛ ተለዋዋጭ ይባላል። ዘዴው በዘርፉ ሥር የያዘው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ነው።

አሠራሩን አጉልቶ የሚያሳየው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተሙት ጥናት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ከነበሩ 72 ልጆች 24ቱ፣ አንድ አዋቂ በአየር የተነፋ ትልቅ አሻንጉሊት በመዶሻ ሲመታና ሲጠልዝ አዩ፤ 24ቱ ያዩት አዋቂ አሻንጉሊቱን ትቶ በጸጥታ ተጫወተ፤ ቀሪዎቹ 24፣ ማለትም የቁጥጥር ቡድኑ፣ ማንንም አላዩም። ኋላ ለ20 ደቂቃ እንዲጫወቱ ሲደረግ፣ ድብደባ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ የአዋቂውን ምትም ንግግርም አስመስለው ደገሙ። አብዛኞቹ ልጆች አስቀድሞ በጠበኝነታቸው ተመጣጥነው በዕጣ ስለተመደቡ፣ ልዩነቱ ከአርአያው የመጣ ነው ለማለት ተችሏል። የዘዴው ዋነኛ ጉልበትም ይኸው ነው፤ የተዛምዶ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መዋላቸውን እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይለይም። ሆኖም አሻንጉሊት መምታት ሰውን ከመጉዳት ጋር በአንድ ዓይን ይታይ እንደሆነ ጥናቱ አከራክሯል።