ሁለት ቅጠሎች፣ አንድ በር

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ በቦሌ ሚካኤል የጫት ሱቆች ደጅ ሰው ይበዛል። ሻጩ በኮባ የተጠቀለለውን እስር ፈታ፣ ርጥቡን ጨርቅ ገለጥ ያደርግና ቀንበጡን ያሳያል። ገዢው አንዱን ዘንግ መዘዝ አድርጎ ይሰብረዋል። ቀጭ ካለ ትኩስ ነው፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ አድሮበታል። ከዚያ የአገሩ ጥያቄ ይከተላል፦ አወዳይ ነው፣ ገለምሶ ነው ወይስ ወንዶ? ዋጋው የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ከራስ በላይ አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ሜዳ ዝቅ ይላሉ። በዚያ ሜዳ በኩል ጫት ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ተመዝኖ፣ በሕጋዊ ወረቀት ሲወጣ ኖሯል። በአንዱ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ካናቢስ ከተገኘ ግን መንገደኛው ከበረራው ይቀራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያለፈቃድ ለሚያመርትና ለሚያዘዋውር ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ አስቀምጧል። ሁለቱም ቅጠል ናቸው፤ ሁለቱም የሰውን መንፈስ ይለውጣሉ። ዕጣቸውን የለያየው ከተፈጥሯቸው ይልቅ የኋላ ታሪካቸው ይመስላል።

የሚገርመው፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ ታሪክ ብቅ የሚሉት በአንድ ክፍለ ዘመን ነው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ላይ የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት ሲፎክር ይነበባል። ፉከራው የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1332 የተካሄደውን ዘመቻ በሚተርከው ክፍል ነው። ምክንያቱንም ዜና መዋዕሉ አይደብቅም፤ ሙስሊሞች ይህን ተክል ይወዱታል ይላል። ጫት ገና ያኔ የሃይማኖት ድንበር ምልክት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ካናቢስ ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊ አላገኘም። የተገኘው የሸክላ ስባሪ ላይ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ስፍራ (ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋር የስም እንጂ የቦታ ዝምድና የለውም) አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮውስኪ ባደረገችው ቁፋሮ የማጨሻ ጋያ ራሶች ወጡ። ተመራማሪው ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨ በውስጣቸው የቀረውን ጥላሸት መርምሮ የካናቢስ ቅሪት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመ። ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተገምቷል። ትምባሆ ከአሜሪካ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ስለሆነ፣ በጋያው ይጨስ የነበረው ትምባሆ ሊሆን አይችልም።

በዚያው በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩስ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ጉልበቱ ያልቃል። የቦሌው ገዢ ዘንግ እየሰበረ የሚፈትነው ይህንኑ ነው፣ የኬሚስትሪ ስሙን ባይጠራውም።

የጫት ንግድ ክንፍ ያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብዙም ሳይቆይ ከድሬዳዋ ወደ ኤደን ትኩስ ጫት ይጭን ጀመር። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1957 ኤደን ላይ ጫትን ቢከለክልም በዓመቱ ክልከላውን አነሳው። አዲስ አበባ በዚያ ዘመን የምትጠቀመው የልደታን ሜዳ ነበር። ጄት ሲመጣ ሜዳው ጠበበ፤ በ1962 ቦይንግ 720ዎቹ ቦሌ ላይ አረፉ። ጫትም በጊዜው እስከ ለንደን ድረስ የሚያደርስ መንገድ አገኘ።

ገበሬው ዘንድ ሥራው ሌላ ነው። ሐረርጌ ላይ ጫት ከዘር ይልቅ ከግንዱ ሥር በሚወጣ ቡቃያ ይተከላል። በመደዳዎቹ መካከል ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ ለገበያ ሲታሰብ ደግሞ ለጋ ቀንበጥ እንዲያወጣ ውሃ ይጠጣል። ቡና የነበረበት ብዙ ማሳ በዚህ መንገድ ጫት ሆኗል። ስሙንም የሚያገኘው ከመንደሩ ነው። የካናቢስ ስሞች ግን ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ የተፈጥሮ ሊቃውንቱ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳቲቫ አለ፣ ላማርክ በ1785 ኢንዲካ ጨመረ። ዛሬ የውጭ ነጋዴዎች ኢንዲካ የሚሉት አጠር ያለውን፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለውንና ቶሎ የሚያብበውን የሂንዱኩሽ ተራሮች ዝርያ ነው። አፍሪካ ላይ ጥንት የተላመደው በአብዛኛው ረጅምና ባለቀጭን ቅጠል ነው።

ሕጉም ከሩቅ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫው የኦፒየም ጉባኤ የግብፅ ልዑክ ባቀረበው ሐሳብ ካናቢስ ከቁጥጥሩ ገባ፤ የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የዕፅ ስምምነት አጠበቀው። ለጫት የተከራከረም የተቃወመም ኃያል መንግሥት በጉባኤው አልነበረም። ካቲኖን ራሱ በኋላ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ሲገባ እንኳ ቅጠሉ ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። አንዳንዱን ሰው ይህ ሊያስቀው ይችላል፤ ጭማቂው ተከሶ ቅጠሉ በነፃ የተለቀቀ ያህል ነው።

የተክሎቹ ጎረቤትነትም እንደ ጥንቱ ነው። ወንዶ የጫት ስም ሲሆን፣ ከወንዶ ገነት ብዙም የማትርቀው ሻሸመኔ ደግሞ በካናቢስ ትነሳለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ዲያስፖራ መሬት የሰጡባት ከተማ ራስ ተፈሪያውያንን ስባለች፤ ዓለም አቀፍ የዕፅ ቁጥጥር ሪፖርቶችም በአካባቢዋ በድብቅ የሚዘራውን ካናቢስ ያነሳሉ።

ለንደን በበኩሏ በሯን ዘጋች። የመንግሥቷ የዕፅ አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ክልከላ አያስፈልግም ቢልም፣ ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ ጫት በብሪታንያ ሕገወጥ ሆነ። በቦሌ ተፈትሾ በሕጋዊ ወረቀት የተጫነ ቅጠል ሂትሮው ሲደርስ የወንጀል ማስረጃ ነው።