ጠብና ሽጉጥ እንዳይገናኙ፦ የጦር መሣሪያ ሕግና የሰው መግደል ወንጀል በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የሚጠፋውን ነፍስ ይቀንሳል ወይ? ይህ መጣጥፍ የኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ከሌሎች አገሮች ጥናት ጋር በማገናዘብ፣ እንደ ቦሌ ባለ የከተማ ክፍል ወሳኙ ጉዳይ መሣሪያ መያዙ ሳይሆን ታጥቆ መውጣቱ ነው ሲል ይሞግታል።

የአገሪቱ ሁኔታ

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይህ ቅጣት የሚመጣው ግን ነፍስ ከጠፋ በኋላ ነው። የ2012ቱ አዋጅ ፋይዳ ቀድሞ መድረሱ ነው፤ ማን፣ ምን ዓይነት መሣሪያ፣ በምን ፈቃድ ሊይዝ እንደሚችል ይደነግጋል።

መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የቀላል የጦር መሣሪያዎች ጥናት ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በሲቪሎች እጅ 377,000 ገደማ መሣሪያ እንዳለ ገምቷል፤ ለ100 ሰው 0.4 መሆኑ ነው። አማካዩ ግን ልዩነቱን ይሸፍናል። በአማራ ገጠር ጠመንጃ የገበሬው ክብርና መከታ ነው፤ በሠርግና በለቅሶ በአደባባይ ይተኮሳል፣ ባለቤቱንም አገር ያውቀዋል። በቦሌ ያለው ሽጉጥ ግን በኮት ሥር ወይም በመኪና ኪስ የተደበቀ ነው።

የጥናቶች ማስረጃ

ተመራማሪው ፍራንክሊን ዚምሪንግ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቺካጎ ጥናት፣ በጠመንጃና በሽጉጥ የተፈጸመ ጥቃት በቢላዋ ከተፈጸመው በአምስት እጥፍ ገደማ ገዳይ እንደነበር አሳይቷል። ብዙው ግድያ የታቀደ ሳይሆን የድንገተኛ ጠብ ውጤት ስለሆነ፣ ሞትና ቁስልን የሚለየው በእጅ የተገኘው መሣሪያ ነው። የኮሎምቢያ ከተሞች ካሊና ቦጎታ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በደመወዝ ሰሞን ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓላትና በምርጫ ቀን መሣሪያ ታጥቆ መውጣትን ከለከሉ። ክልከላው በተጠናከረ ፍተሻ በታገዘባቸው ቀናት ግድያው በካሊ 14፣ በቦጎታ 13 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የአውስትራሊያ የ1996 እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያ ሕግ በግድያ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን አሁንም ያከራክራል፤ ቁጥሩ ቀድሞም እየወረደ ነበርና።

ከቦሌ አንጻር

በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ባሉ የገበያ ማዕከሎችና ሆቴሎች በር ላይ ጥበቃው ቦርሳ ያስከፍታል፣ ወገብ ይዳብሳል። ከውጭ የቆመውን መኪና ግን ይህ ፍተሻ አይደርስበትም። ከገርጂ እስከ ሰሚትና ሲኤምሲ ባሉ ግሮሰሪዎች ደጃፍ ሌሊት የሚነሳ አምባጓሮ ሽጉጥ ካለበት መኪና ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። አዋጁ ሕይወት ሊያድን የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

የፈቃድ ሥርዓት ወሰንም አለው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤታቸው የተገደሉት በገዛ ጠባቂያቸው ነበር። ለጥበቃ የታጠቀ ሰው ፊቱን ሲያዞር የሲቪሎች ምዝገባ አያስቆመውም።

መደምደሚያ

ሕጉ ግድያን የሚቀንሰው ጠብና ሽጉጥ እንዳይገናኙ ባደረገ መጠን ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥም ሲታደስም መሣሪያን በቤት ማስቀመጥና ታጥቆ መውጣት ለየብቻ ይመዘኑ፤ የሌሊት ቁጥጥሩም መኪናን ያካትት። ፖሊስ እያንዳንዱን ግድያ በመሣሪያው ዓይነት፣ በሰዓቱ፣ በቦታውና በፈቃዱ ሁኔታ ለይቶ በየክፍለ ከተማው በየዓመቱ ይፋ ያድርግ። ሕግ አውጪውም አዋጁን በዚህ መዝገብ ይመዝነው።