መንቆረርን ያየህ?
ሰሞኑን ቨርቹዋል ማሽናችን ዶሜይን ኮንትሮለሩን አላገኝም አለ። «ኬብል ነካክተሃል» ብዬ አንዱን ተማሪዬን ተቆጣሁት። በአይፒ ቁጥሩ ፒንግ ስናደርግ ግን ይመልሳል፤ በስሙ ስንጠራው ነው ዝም የሚለው።

ነገሩ ታሪክ አለው። ድሮ የኮምፒውተሮች ስም ባንድ ፋይል ይመዘገብ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤስን ነደፈ። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ዶሜይኑን በዚሁ ላይ መሠረተ።

ደብረ ማርቆሳችን ድሮ መንቆረር ነበረች፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ስሟ ተቀየረ። ዛሬ መንገደኛውን «መንቆረር የት ነው?» ብትሉት «አላውቅም» ሊላችሁ ይችላል፤ የቆመው ግን እዚያው ላይ ነው።

ማሽናችንም የኛን ዶሜይን የማያውቅ የውጭ ዲኤንኤስ ነበር የሚጠይቀው። የዲኤንኤሱን አድራሻ ወደ ኮንትሮለሩ ስናዞረው ወዲያው ተገናኘ። ልጁን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰው ከመቆጣታችሁ በፊት ማሽኑ ማንን እንደሚጠይቅ እዩ።