የትንንሽ ፒክአፖች ውድድር፣ ከ10 ዓመት በኋላ

ውድ የባች ልጆች፣ የመጽሐፉ አዘጋጆች «ከሥራ ውጭ ምን ትሠራላችሁ?» ብለው ስለጠየቁ ነው ይህን የምጽፈው። ግማሻችሁ ስለ ልጆቻችሁ፣ ግማሻችሁ ስለ ደም ግፊታችሁ እንደምትጽፉ ስለገመትኩ እኔ ስለ መኪና ልጻፍ። በሬዲዮ ስለሚነዱ፣ ከእውነተኛው መኪና 1/10ኛ ስለሆኑ፣ አፈርና ጉብታ ላይ ስለሚወዳደሩ ፒክአፖች። «ያ የልጆች ሪሞት?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ እሱው ነው። ግን ከ40 ዓመት በላይ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ይህን ውድድር የሚመራው ሮር የተባለው ማኅበር የተመሠረተው በ1967 ነው። ያኔ መኪኖቹ ከመሬት ዝቅ ያሉ፣ ለስላሳ አስፋልት የሚፈልጉ ነበሩ። አፈር ውስጥ በሰፊው ያስገባቸው ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው፤ በ1979 ራፍ ራይደርንና ሳንድ ስኮርቸርን አወጣ። ሁለቱም ከቮልስዋገን የተሠሩ የበረሃ መኪኖች አምሳያ ናቸው። ያምራሉ፣ ግን ከባድ ናቸው። በ1984 ደግሞ ቲም አሶሺዬትድ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ አርሲ10ን ይዞ መጣ። የነደፈው ሮጀር ከርቲስ ነው፤ ሻንሲው ወርቅማ አሉሚኒየም፣ አሞርዛተሮቹ ዘይት የተሞሉ። በማግስቱ ዓመት ዴል ማር፣ ካሊፎርኒያ ላይ በተደረገው የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና፣ በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዱት ምድብ ጄይ ሃልሲ በዚሁ መኪና አሸነፈ።

ሚኪ ቶምሰን የተባለ ታዋቂ ነጂ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ አፈር በገልባጭ እያስገባ፣ እንደ ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ባሉ ስታዲየሞች ውስጥ ጉብታ እያሠራ እውነተኛ መኪኖችን ያወዳድር ነበር። የሪሞቱ ሰዎች ይህን አዩና የራሳቸውን መኪና ሻንሲ ሰፋ፣ ጎማውን ተለቅ አድርገው የፒክአፕ ቦዲ ደረቡለት። ስሙንም «ስታዲየም ትራክ» አሉት። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ጀማሪ ቢነዳውም ቶሎ አይገለበጥም፤ በ1990ዎቹ የተወደደውም አንድም በዚህ ነው።

እኔን ያስገባኝ ግን ሌላ ዓይነት ፒክአፕ ነው። በ2008 ትራክሳስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ ስላሽን አወጣ። «ሾርት ኮርስ» ይባላል፤ ጎማዎቹ በፓራፋንጎ የተሸፈኑ፣ ከፊትና ከኋላ መከላከያ ያላቸው። ጎማቸው ገላጣ የሆኑት መኪኖች ሲነካኩ ተጠላልፈው ይሰበራሉ፤ እነዚህ ግን እንደ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ተገፋፍተው ያልፋሉ። አንድ ጉድ አለባቸው፦ ሲዘሉ ሰፊው ቦዲ ነፋስ ይሞላና እንደ ጃንጥላ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ለዚህ ነው ተወዳዳሪዎች ከኋላ በኩል ቦዲውን የሚበሱት። ዋናው ነገር ግን የሁሉም ሰው ፒክአፕ አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር። ከካርቶን አውጥተህ እዚያው ቀን ትወዳደራለህ። ገንዘብ ያለው ሰው በገንዘቡ አይቀድምህም።

እኔ በ2009 የሬዚደንሲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ፣ ሜሪላንድ። ከአንድ የመጫወቻ መኪና ሱቅ ጀርባ የአፈር መም አየሁና በአዳር ተረኝነት ገንዘብ ስላሽ ገዛሁ። ልጅ ሳለን የሰፈሩ ወንዶች በሽቦና በቆርኪ ጎማ መኪና ሲሠሩ እኔ «ሴት ልጅ» ተብዬ ዳር ቆሜ ነበር የማየው። የአጥንት ሕክምና ሮቴሽንን ካልቆጠርን ካቻቢቴ በእጄ የያዝኩት በ29 ዓመቴ ነው።

እዚያ ያገኘሁት ደግሞ አንድ ደንብ ነው። ተራህን ተወዳድረህ ስትጨርስ ወደ ቤትህ አትሄድም፤ መኪናህን አስቀምጠህ መሙ ውስጥ ትቆማለህ። ቀጣዮቹ ሲወዳደሩ ከፊትህ የተገለበጠውን ሮጠህ ታነሣለህ። የቀደመህም ይሁን ያልቀደመህ፣ የምትወደውም ይሁን የማትወደው። ለቲም ትሬኒንግ ኮላ ድባ የወጣችሁ ወንፈልን ታስታውሳላችሁ አይደል? ዛሬ የኔ ማሳ፣ ነገ ያንተ። በትክክል እሱ ነው። የማንንም ስም በማላውቅበት አገር፣ አሥር ሰው ስሜን ያወቀው የተገለበጠች ፒክአፔን ሲያነሣ ነው።

በ2013 ሁለተኛ ልጄ ሲወለድ ተውኩት። በ2023 ከጋራዡ አወጣኋት። ባትሪዋ ሞቷል፣ ኩሽኔታዎቿ ዝገዋል፤ ሞተሯ ካርቦን የሚበላው የድሮው ዓይነት ነው። ሱቁ ስሄድ ካርቦን የሚገዛ የለም፤ ሞተሩ ሁሉ ካርቦን የሌለው ሆኗል። ይህ በእውነት ማሻሻል ነው። ድሮ ሰዎቹ በውድድር መሀል ሞተር ፈትተው በትንሽ ቶርኖ ይልጉ ነበር።

ባትሪውም እንዲሁ። ጥንት የኒኬል ካድሚየም ነበር፣ 6 ሴል፣ 7.2 ቮልት፤ ውድድሩ አጭር የነበረው ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። ካድሚየም ኩላሊትን ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም፤ የጃፓኑን ኢታይ ኢታይ በሽታ ለፈተና ያነበባችሁት ነው። አሁን ሊቲየም ፖሊመር ነው፤ 2 ሴል፣ 7.4 ቮልት። ኃይለኛ ነው፤ ከተቀጠቀጠ ወይም ከልክ በላይ ከተሞላ ግን ስለሚነድ ቻርጅ የሚደረገው እሳት በማይበላው ከረጢት ውስጥ ነው።

ሬዲዮው ላይ ግን የቀደሙት ሰዎች የነገሩኝ ያስቀናኛል። በ27 እና በ75 ሜጋኸርዝ ዘመን ሁለት ሰው በአንድ ቻነል ሬዲዮ ከከፈተ አንዱ መኪና አብዶ ግድግዳ ይመታል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ በየቻነሉ የልብስ መቆንጠጫ ይንጠለጠል ነበር። መቆንጠጫው አንተ ጋ ከሌለ አትከፍትም፤ ማን ጋ እንዳለ ጠይቀህ ትፈልጋለህ። 2.4 ጊጋኸርዝ ሲመጣ ሬዲዮው ራሱ ክፍት ቦታ ይፈልግ ጀመር፤ መጠያየቁም ቀረ።

መሙም ተለውጧል። ጭቃውን ማጠጣት፣ አቧራውን መጥረግ የሰለቻቸው ባለቤቶች ምንጣፍ አንጥፈዋል። ምንጣፍ ላይ «አፈር ውድድር» ሲባል ያስቀኛል፤ ግን ልብሴ አይቆሽሽም።

ያዘንኩት የራሴን ምድብ ሳጣው ነው። በኔ እምነት ሾርት ኮርስን የገደለው የራሱ መወደድ ነው። በ2009 ቲም አሶሺዬትድ ለውድድር ብሎ ኤስሲ10ን አወጣ፤ ከዚያ በአራቱም ጎማ የሚነዱት፣ ከዚያ ውድ ሞተሮች ተከተሉ። አንድ ዓይነት መሆኑ ሲቀር ጀማሪው ቀስ እያለ ሸሸ። አሁን የኛ መም ደንብ 3 መኪና ካልተመዘገበ ምድቡ አይከፈትም ይላል። ስመለስ አንድ ጡረታ የወጣ አናጺ ብቻ ነበር፤ ለወራት እየመጣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይመለስ ነበር። ከኔ ጋር 2 ሆንን። ሦስተኛዋ የ14 ዓመቷ ልጄ ናት፤ ፒክአፗን ራሷ ፈታ ራሷ ገጠመቻት። ባለፈው ወር 5 ነበርን፣ ሁላችንም በፋብሪካው ሞተር ብቻ ለመወዳደር ተስማምተን። አናጺው የመጨረሻ ወጣ። ከውድድሩ በኋላ ግን መሀል ጉብታው ጋ ሄዶ ቆመ፤ ጉልበቱ እንደሚያመው ስለማውቅ ቦታ እንለዋወጥ ብለው እምቢ አለኝ።

ለሪዩኒየኑ ይዣት እመጣለሁ። ባትሪው በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፤ ኤርፖርት ላይ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል እንጂ ችግር የለም። የልጄን ስላሽ ጨምሮ 2 ይኖሩናል። መንዳት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ለኮሚቴው ስማችሁን ስጡ፤ ነድቶ የጨረሰ ሰው ግን ለምሳ አይሄድም፣ መሀል ቆሞ ያነሣል።