የኢትዮጵያ ቅርስ ጨረታ ላይ ሲወጣ፦ ካታሎጉን እንዴት እናንብብ? ምንስ ማድረግ ይቻላል?

ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካ የጨረታ ድረ ገጾች ላይ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ጋሻ ፎቶ እየላካችሁ «ይሄ የኛ አይደለም ወይ? ማን ነው የሚያስቆመው?» ብላችሁ የምትጠይቁን ብዙ ናችሁ። በቪዲዮ ስንመልስ ነገሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን፣ ዛሬ በጽሑፍ አስቀምጠነዋል። ሊንክ ሲደርሳችሁ ከፍታችሁ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንነጋገር። ቅርስ ይመለስ ሲባል ሁላችንም ዓይናችን የሚሄደው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ የእንግሊዝ ሕግ ታስሯል፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከስብስቡ አውጥቶ መስጠት አይችልም። የመቅደላን የወርቅ ዘውድና ጽዋ የያዘው ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየምም እንደዚሁ በ1983 ሕግ ተይዟል፤ በ2018 ያቀረበው ሐሳብ የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር፤ የራስን ንብረት በውሰት ማለት ነው እንግዲህ። በግለሰብ ቤት፣ በአያት ሳጥን ውስጥ ያለ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አያስረውም። ባለቤቱ ከፈለገ ነገ ጠዋት ሊመልሰው ይችላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ለሕዝብ ዓይን የሚጋለጠው አንድ ጊዜ ነው፤ አያት ሞተው የልጅ ልጆች ወደ ጨረታ ቤት ሲወስዱት። ካታሎጉ ወጥቶ መዶሻው እስኪመታ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ካመለጠ ዕቃው ወደ ሌላ ሳሎን ገብቶ ለሌላ 50 ዓመት ይጠፋል። ስለዚህ በያላችሁበት አገር ሆናችሁ የምታዩት ነገር ዋጋ አለው የምንለው ለማሞካሸት አይደለም።

ነገሩ የጀመረውም በጨረታ ነው

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር አፕሪል 13 ቀን 1868፣ የፋሲካ ማግስት። የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች አምባውን፣ ቤተ መንግሥቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፉ። የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያ ሜዳ ላይ አፕሪል 20 እና 21 ጨረታ ተካሄደ። የጦሩ መኮንኖች እየተጫረቱ ገዙ፤ የተሰበሰበው ወደ 5,000 ፓውንድ ለወታደሩ ተከፋፈለ፤ ለአንድ ሰው የደረሰው አራት ዶላር አካባቢ ነው።

ከተጫራቾቹ መካከል ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ነበር። 1,000 ፓውንድ ተመድቦለት ስለነበር ብዙውን ሰው በዋጋ እየበለጠ ገዝቷል። ያንን የወርቅ ዘውድና ጽዋ ግን የገዛው ከጨረታው ውጭ፣ ከአንድ ወታደር እጅ፣ በአራት ፓውንድ ነው። 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ።

የዚህን ሰው ስም ያዙት፣ ምክንያቱም ከጨረታ ጋር የተያያዘው ትልቁ ታሪክ የሱ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ጠየቁ፦ ክብረ ነገሥትንና «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን፣ ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የክርስቶስ ሥዕል። ሙዚየሙ ሁለት ክብረ ነገሥት ስለነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን የለም ተባለ። የት ነበር? ሆልምስ ለራሱ ወስዶት ነበር! ሰውየው በዚያን ጊዜ የንግሥቲቱ የዊንድዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ሥዕሉ በ1917 ክሪስቲስ በተባለው የለንደን ጨረታ ቤት ተሸጠ፤ በ1950 እዚያው ቤት ዳግመኛ ቀርቦ አንድ ፖርቱጋላዊ ገዛው። ሁለት ጊዜ በይፋ፣ በካታሎግ ታትሞ፣ አደባባይ ላይ ወጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ «ቁም!» ያለ አልነበረም።

በኛ ዘመን የቆሙት

አሁን ግን የሚያቆም አለ። በጁን 2021 በደቡብ እንግሊዝ ብሪድፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ጨረታ ቤት፣ በመቅደላ ዘመቻ ከነበረ መኮንን ቤተሰብ የመጣ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ አውጥቶ ነበር። በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ደብዳቤ ጻፈ፤ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ። ከዚያ ደራሲው ታሂር ሻህ የመሠረተው ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቶ ለኤምባሲው አስረከበ። ዘውድ፣ ጋሻና መስቀሎች ተጨምረውበት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ገቡ። በ2023 ደግሞ በዚሁ ድርጅት በኩል ታቦትና የልዑል ዓለማየሁ የፀጉር ቁራጭ ለንደን ላይ ተረክበናል።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ኒውካስል ያለ ጨረታ ቤት አንድ ጋሻ አወጣ። ጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና 1868 የሚለው ዓመት በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? የተገመተለት ዋጋ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ነበር። ጥያቄ ሲነሳ ከሽያጭ ወጣ፤ በልዑል ኤርሚያስ ሣህለ ሥላሴ የሚመራው ተቋም ተደራድሮ አገኘው፤ ኦሃዮ በሚገኘው የቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2024 አገሩ ገባ። የአገር ታሪክ የአንድ ሶፋ ዋጋ እንኳ ሳይሞላ እንደሚቀርብ ልብ በሉ። ትልልቅ ዜና የሚሆኑት ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ናቸው፤ የኛ ዕቃ ግን በብዛት የሚወጣው በገጠር ከተማ ጨረታ፣ ከአሮጌ ወንበርና ከሻይ ማንቆርቆሪያ ጋር ተደባልቆ ነው።

ሁሉም ግን አይቆምም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው ፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ተነሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ተመልሶ ወጥቶ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ። ከጨረታ ወጣ ማለት ተመለሰ ማለት አይደለም።

ካታሎግ ላይ ምን እንፈልግ?

ስንፈልግ «ኢትዮጵያ» ብለን ብቻ ከፈለግን ግማሹ ያመልጠናል። የድሮ ቤተሰቦች የሚጽፉት «አቢሲኒያ»፣ «አቢሲኒያን»፣ «ኮፕቲክ» እያሉ ነው፤ መቅደላንም «ማግዳላ» ነው የሚሏት። በእንግሊዝኛ ፊደል እነዚህን ሁሉ ሞክሩ። እያንዳንዱ ዕቃ «ሎት» የሚባል ቁጥር አለው፤ ከሥሩ የዋጋ ግምት ይኖራል። መዶሻው ከመታ በኋላ ገዢው ለቤቱ ኮሚሽን ይጨምራል፤ በብዙ ቦታ ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው፣ ታክሱ ሳይቆጠር። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ እሱን ረስታችሁ እንዳትደነግጡ።

ከሁሉ በላይ የሚነበበው «ፕሮቨናንስ» የሚለው መስመር ነው፤ ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚናገር። የመኮንን ስም፣ ማዕረግና 1868 ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው። «በውርስ» የሚል ቃል ከወታደር ስም ቀጥሎ ከመጣም እንዲሁ። የሚያስፈራው ባዶው ነው። «የአውሮፓ የግል ስብስብ» ብቻ ብሎ ዓመት የሌለው ከሆነ፣ ዕቃው ከመቅደላ ሳይሆን ከቅርብ ጊዜ ከአንድ ገዳም የወጣ ሊሆን ይችላል። ከትግራይ ጦርነት ወዲህ የአብያተ ክርስቲያናት ንብረት በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ መታየቱ መዘገቡን አትርሱ።

የብራና መጽሐፍ ከሆነ ፎቶዎቹን አጉሉና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል እዩ። ግዕዝ የሚያነብ ቄስ ወይም ዲያቆን በየከተማው አለ፤ ውጭ አገር ላይ ይሄ ትልቅ ሀብታችን ነው። ጨረታ ቤቱ የማያነበውን እኛ እናነባለን። «ዛቲ መጽሐፍ ዘ…» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ካለ መጽሐፉ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። የመቅደላ መድኃኔ ዓለም ከተጻፈበት ጨዋታው አለቀ። ከዚያ ቀጥሎ የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ብዙ ጊዜ አለ፤ ሻጩ ግዝቱን ፎቶ አንስቶ እንደ ጌጥ ሲለጥፈው ማየት ያስቃልም ያሳዝናልም። የባለቤት ስም የነበረበት ቦታ ተፍቆ ወይም በአዲስ ስም ተተክቶ ከሆነ እሱም ምልክት ነው። መጽሐፍ ተበጣጥሶ ሥዕል ያለበት ቅጠል ለብቻው ሲሸጥም ታያላችሁ፤ ለየብቻ ሲሸጥ ስለሚያዋጣ ነው።

በመሃል አንድ ማርገቢያ፣ ስለ ማርትሬዛ። «አያቴ የተዉልኝ 1780 የሚል የብር ብር አለ፣ ስንት ያወጣል?» የሚል ጥያቄ በጣም ይበዛል። ማርትሬዛ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም በዚያው ዓመት ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይናገርም። አብዛኛው የሚያወጣው የብሩን ዋጋና ትንሽ ጭማሪ ነው። ለጌጥ አስቀምጡት፣ ያምራል።

ሕጉ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ባንዋሽ ይሻላል። ስለ ቅርስ ዝውውር የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት የ1970 ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ብሪታንያ የተቀበለችው በ2002፣ ኢትዮጵያ በ2003 ነው። ስለዚህ የ1868ቱን ዘረፋ በዚህ ሕግ ፍርድ ቤት መውሰድ አይቻልም። በመቅደላ ዕቃ ላይ የሚሠራው የሕሊና ጥያቄ፣ ኤምባሲና የጨረታ ቤቱ ስሙ እንዳይጎድፍ ያለው ፍርሃት ነው። ይሄ ደካማ መሣሪያ ይመስላል፤ ብሪድፖርትና ኒውካስል ላይ ግን ሠርቷል።

የቅርብ ጊዜ ስርቆት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ የወጣ ቅርስ በአዋጅ 209/1992 የተከለከለ ነው። በእንግሊዝ የተሰረቀ ዕቃ በቅን ልቦና የገዛ ሰው ስድስት ዓመት ካለፈው የቀድሞው ባለቤት መብት ሊቋረጥ ስለሚችል መዘግየት ይጎዳል። በኒውዮርክ በተቃራኒው ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ባለቤቱ ጠይቆ ከተከለከለ በኋላ ነው፤ የማንሃታን ዐቃቤ ሕግም ለዚህ ብቻ የቆመ ክፍል አለው። ኢንተርፖል «አይዲ-አርት» የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ የተሰረቀ ተብሎ የተመዘገበ ዕቃ እዚያ ይፈለጋል። ያልተመዘገበ ስለማይታይ ግን «የለም» ሲላችሁ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

እንግዛው ወይስ አንግዛው?

ይሄ ብዙ ያከራክራል። የተዘረፍነውን በገንዘባችን መግዛት ዘረፋውን ሕጋዊ ማድረግ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። መቶ ዓመት ስንከራከር ዕቃው ይጠፋል የሚሉም እንዲሁ። እኛ የምናምነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ መሆኑን ነው። መጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ከሽያጭ ማስወጣት፣ መግዛት የመጨረሻው፤ እሱም በተቋም በኩልና ከጨረታው ውጭ በድርድር። ሁለት የኛ ሰዎች ሳይተዋወቁ በኦንላይን «ላድነው» ብለው እርስ በርስ ቢጫረቱ የሚያተርፈው ሻጩ ነው። ቀጣዩ ሻጭም ዋጋውን አይቶ ይመጣል። ፕሮቨናንሱ ባዶ የሆነውን ደግሞ በፍጹም አትግዙ፤ ያ ገንዘብ ነገ ሌላ ገዳም ያስዘርፋል።

ታቦት ከሆነ ፎቶውን አታሰራጩ። ብሪቲሽ ሙዚየም እንኳ ያሉትን 11 ታቦታት ለማንም አያሳይም። ለኤምባሲውና ለቤተ ክርስቲያን አባቶች በግል አሳውቁ።

የኔዘርላንዱ አቶ ሲራክ አስፋው ያደረጉት ለሁላችንም ይጠቅማል። በ1998 እንግዳ ጥሎት በሄደ ሻንጣ ውስጥ የጨለቆት ሥላሴን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ አገኙ። አልሸጡትም፣ ለሚያምኑት መንግሥት እስኪያስረክቡም አላወጡትም፤ 21 ዓመት ቤታቸው ደበቁት። በ2020 አገሩ ገባ።

ጨረታ ስታገኙ እንዲህ አድርጉ። ሊንክ ብቻ አትላኩ፤ ዕቃው ሲወጣ ገጹም አብሮ ይጠፋል። የሎቱን ቁጥር፣ የጨረታውን ቀን፣ ሙሉ መግለጫውንና ሁሉንም ፎቶ ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ በዚያ አገር ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በኢሜይል ላኩ። ለጨረታ ቤቱም በጨዋ ቋንቋ «ይህ ዕቃ ከየት እንደመጣ ሰነድ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጻፉ። ስድብ የተሞላ መቶ ኢሜይል ከሚደርሳቸው፣ የግዕዙን ትርጉም አያይዞ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ የበለጠ ያስጨንቃቸዋል። ጨረታው ሦስት ቀን ከቀረው ደውሉ፤ ኢሜይል ሰኞ ነው የሚከፈተው።