የቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ መጠሪያ ሲቀየር፦ አሮጌው በር ለምን ክፍት ይቆያል?

አንድ ቤተ መጻሕፍት ከነበረበት ሕንፃ ወደ ሌላ ሲዛወር በአሮጌው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የሰፈሩ ሰውም ለመጣው አንባቢ አቅጣጫውን ይጠቁማል። በበይነ መረብ ላይ ግን መንገድ የሚያሳይ ጎረቤት የለም። የድረ ገጹ መጠሪያ ተቀይሮ በአሮጌው ላይ ምልክት ካልተተወ፣ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ወይም በግብርና መመሪያ ላይ የታተመው አድራሻ ሁሉ ፋይዳ ያጣል። የታተመ ወረቀት ተመልሶ አይታረምምና ጉዳቱ ለዓመታት ይዘልቃል።

ፒው የተሰኘው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበሩ ገጾች መካከል 38 በመቶ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላ የማይገኙ ሆነዋል። የመጠሪያ ለውጥ ከመጥፊያ ምክንያቶች አንዱ ነው።

መጠሪያ (ዶሜይን) ምንድን ነው?

ኮምፒውተሮች በበይነ መረብ ላይ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። ሰው ግን ረጅም ቁጥር በቃሉ መያዝ ስለሚከብደው፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘረጋ። አሠራሩ በእጅ ስልካችን ላይ የሰው ስም መዝግበን ስንደውል ስልኩ ቁጥሩን ራሱ እንደሚያወጣው ያለ ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ክፍልም ትርጉም አለው፤ ለምሳሌ «ዶት ኢቲ» የኢትዮጵያ መለያ ነው።

መጠሪያ እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው ክፍያ የሚታደስ እንጂ አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚያዝ ንብረት አይደለም። ቤተ መጻሕፍት መጠሪያውን የሚቀይረው ተቋሙ ስሙን ሲለውጥ፣ ከሌላ ተቋም ጋር ሲዋሐድ ወይም አሮጌው ሥርዓት ለአዲስ አገልግሎት የማይመች ሲሆን ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተሞክሮ

በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1995 የሕግ ረቂቆችንና የምክር ቤት ውሎዎችን ለሕዝብ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ከፈተ። ስሙንም በሦስተኛው ፕሬዚዳንት በቶማስ ጀፈርሰን «ቶማስ» አለው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1814 ቤተ መጻሕፍቱን ካቃጠለ በኋላ በቀጣዩ ዓመት 6 ሺህ 487 መጻሕፍቱን ለምክር ቤቱ የሸጠው ጀፈርሰን ነበር።

ድረ ገጹ ሲያረጅ ቤተ መጻሕፍቱ «ኮንግረስ ዶት ጎቭ» የተሰኘ ምትክ አዘጋጀ። አዲሱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ለሙከራ ተከፈተ። በኖቬምበር 2013 «ቶማስ ዶት ጎቭ» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ በቀጥታ ወደ አዲሱ እንዲሻገር ተደረገ፤ ያም ሆኖ አሮጌው ድረ ገጽ ለለመዱት አንባቢዎች ወዲያውኑ አልተዘጋም። አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ያቆመው በጁላይ 5 ቀን 2016 ነው። በእነዚያ ወደ አራት የሚጠጉ ዓመታት ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ፣ የአሮጌው አገልግሎቶች በየተራ ወደ አዲሱ ተዛወሩ፤ አንባቢውም የመልመጃ ጊዜ አገኘ።

ዝውውሩ እንዴት ይከናወናል?

የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። በአሮጌው ድረ ገጽ ላይ ያሉ ገጾች ሁሉ ይመዘገባሉ፤ እያንዳንዱም በአዲሱ ላይ የት እንደሚገኝ በዝርዝር ይያዛል። ቀጥሎ ከአሮጌው ገጽ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ቋሚ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ባለሙያዎች በቁጥሩ «301» ይሉታል። «302» የተባለው ግን ለጊዜያዊ ለውጥ የሚያገለግል ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ እርሱም አሮጌ ገጾችን በሙሉ ወደ አዲሱ የመግቢያ ገጽ ብቻ መላክ ነው። ስለ ስንዴ ዋግ የተጻፈ መጽሐፍ የፈለገ አንባቢ መግቢያው ላይ ቢጣል፣ መጽሐፉ ያለበትን መደርደሪያ አላገኘምና መንገዱ ተቃንቶለታል አይባልም።

ጎግል የማሻገሪያው ትእዛዝ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ለቤተ መጻሕፍት ግን አንድ ዓመት አጭር ነው፤ አድራሻውን የያዙት መጻሕፍት ከዚያ በላይ ይነበባሉና። በአሮጌው መጠሪያ የተከፈቱ የኢሜይል አድራሻዎችም አብረው መታሰብ አለባቸው፤ ካልሆነ የአንባቢ ደብዳቤ ሳይደርስ ይቀራል።

የተተወ መጠሪያ አደጋው

ክፍያው ያልታደሰ መጠሪያ የእፎይታ ጊዜው ሲያልፍ ለገበያ ይቀርባል፤ ማንም ሊገዛው ይችላል። ገዢው የቁማር ማስታወቂያ ሊሰቅልበት፣ ወይም የቀድሞውን ገጽታ አስመስሎ ሠርቶ የአንባቢዎችን የይለፍ ቃል ሊሰበስብበት ይችላል። አንባቢው የሚያምነው ለዓመታት የሚያውቀውን ስም ስለሆነ በቀላሉ ይታለላል። ስለዚህ ተቋሙ ባይጠቀምበትም የአሮጌውን መጠሪያ ክፍያ መክፈሉን ቢቀጥል፣ ወጪው ከሚያድነው ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አንባቢው ምን ያድርግ?

በእጅዎ ባለ መጽሐፍ ወይም መመሪያ ላይ ያገኙት አድራሻ አልከፍት ካለ፣ በቅድሚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቱን ስም በመፈለጊያ ጽፈው አዲሱን አድራሻ ያፈላልጉ። ገጹ ጨርሶ ከጠፋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው «ኢንተርኔት አርካይቭ» ዘንድ ቅጂው ሊገኝ ይችላል፤ አሮጌውን አድራሻ እዚያ አስገብቶ መመልከት ነው።

በቴሌግራም ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት «አዲሱ አድራሻችን ይህ ነው» የሚል ማስፈንጠሪያ ቢደርስዎ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ደውለው ወይም በአካል ሄደው ሳያረጋግጡ የይለፍ ቃልዎን አያስገቡ። የገጹ መልክ ድንገት ተለዋውጦ ገንዘብ ወይም የባንክ መረጃ ከጠየቀዎም ወዲያውኑ ይዝጉት።

ቤተ መጻሕፍት አንባቢው ሲመለስ መጽሐፉን በቦታው የሚያገኝበት ቤት ነው። ድረ ገጹም ይህንኑ አደራ ይሸከማል፤ አዲስ በር መክፈት የሥራው ግማሽ ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ በአሮጌው በር የመጣውን አንባቢ ፈልጎት ወደመጣው ገጽ ማድረስ ነው።