እምቢልታና የነሐስ ሙዚቃ፤ በአዲስ አበባ በሮች ስለ ተሰሙ ልዩ ልዩ ቅኝቶች

ከሰሜን በሱሉልታ፣ ከምዕራብ በቡራዩ፣ ከደቡብ ምዕራብ በሰበታ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያስገቡት ሦስት መንገዶች ከአውቶሞቢል ዘመን በፊት ልዩ ድምፅ ነበራቸው። የጎጃሙ መንገድ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ እንጦጦን ይሻገራል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ያስጠረጉት መንገድ በቡራዩ አቅጣጫ ይዘልቃል፤ የጅማው መንገድ በሰበታ ያልፋል። ነጋሪት የማስመታት መብት የተሰጠው መኰንን ወደ መናገሻው ሲገሠግሥ በፊቱ ነጋሪት እየተጎሰመ፣ እምቢልታና መለከት እየተነፋ ነበር። ሦስቱ ስፍራዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለሙዚቃ ታሪክ መርማሪ ግን የየአገሩ ቅኝት ወደ አንድ ከተማ የገባባቸው በሮች ናቸው።

ልዩ ልዩ ድምፅ ያላቸውን የትንፋሽ መሣሪያዎች በኅብረት መንፋት በኢትዮጵያ የተጀመረው፣ ከዐድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለምኒልክ 40 የነሐስ መሣሪያዎች በላኩ ጊዜ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። በኖታ የሚነፋ፣ ፒስተን ያለው የነሐስ ጓድ ያን ጊዜ መምጣቱ አይካድም። ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸውን ቱቦዎች አስማምቶ አንድ ዜማ ማውጣት ግን ለአገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም።

እምቢልታ ከቀርከሃ ወይም ከብረት ቧንቧ የሚሠራ፣ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም ዋሽንት ነው። ቀዳዳ ስለሌለው ነፊው ድምፁን የሚለውጠው በትንፋሹ ኃይል ብቻ ነው፤ ከአንዱ መሣሪያ የሚገኘውም አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ እምቢልታ ብቻውን አይወጣም፤ ሦስት ሆኖ ይነፋል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው የሚወለደው ከመቀባበሉ ነው። ከሦስቱ እምቢልተኞች አንዱም እንኳ ዜማውን ለብቻው ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ አይችልም። የቱቦዎቹ ቁመት መለያየትም ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ቱቦ መሠረታዊ ድምፁ በሴኮንድ ወደ 170 ንዝረት ይደርሳል፤ ቁመቱ በሩብ ቢቀነስ ድምፁ ከዶ ወደ ፋ ከፍ ይላል። ይህን ሒሳብ ቀርከሃ ቆራጩ በወረቀት ባይጽፈውም በጆሮው ያውቀው ነበር።

ይኸው ዘዴ ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት አዳራሽ ውጭም ይገኛል። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ከቅል የሚሠሩት የዋዛ መለከቶች፣ በደራሼም የፊላ ቀርከሃዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ይዘው በብዙ ሰው ኅብረት ዜማ ያወጣሉ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ በሚኖረው የቱለማ ኦሮሞ ዘንድ ጋንፋ የሚባለው ቀንድ ደግሞ የመጥሪያና የማስታወቂያ መሣሪያ ነው። እርሱን ከእምቢልታ ጋር በአንድ ተራ ማሰለፍ አይገባም፤ ጠሪ አንድ ድምፅ ይበቃዋልና።

የነሐስ ቱቦም ከዚሁ የተፈጥሮ ሕግ አይወጣም። ፒስተን የሌለው የወታደር ጡሩምባ በአገልግሎቱ የሚሰጠው ዶን፣ ሚንና ሶልን ብቻ ነው፤ ዝቅና ከፍ ብለው ይደጋገማሉ እንጂ ሌላ አይጨመርባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ በጀርመን አገር ፒስተን ከተፈለሰፈ በኋላ አንዱ መሣሪያ ድምፆችን ሁሉ ለማውጣት ቻለ። ታዲያ መሣሪያዎቹ ለምን በአንድ ቅኝት አልተሠሩም ብሎ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። የቢ ፍላት ትራምፔት ቱቦ ቢዘረጋ 1 ሜትር ተኩል ያህል፣ የኤፍ ሆርን 3 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ያህል፣ የኢ ፍላት ቱባ 4 ሜትር ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በፓሪስ አዶልፍ ሳክስ ከትንሹ እስከ ትልቁ ኢ ፍላትንና ቢ ፍላትን እያፈራረቀ አንድ ቤተሰብ የሆኑ መሣሪያዎች ሠራ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የትንሹን የጣት አጣጣል የተማረ ወታደር የትልቁም አይቸግረውም። በኖታው ላይ ለሁሉም ዶ ተብሎ ይጻፋል፤ የሚሰማው ግን እንደየቱቦው ቁመት ነው። በአሜሪካ ግን የከበሮና የቡግል ጓዶች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ድራም ኮር ኢንተርናሽናል በሚያካሂደው ውድድር እስከ እ.ኤ.አ. 1999 ድረስ የጂ ቡግል ብቻ ይነፋ ነበር፤ የሌላ ቅኝት መሣሪያዎች የተፈቀዱት ከ2000 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው።

አሁን ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዶ የተቃኘ አንድ ጡሩምባ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ያገኛል፤ ሬና ላ ያመልጡታል። በሶል የተቃኘ ሁለተኛ ቢጨመር ሬ ይገኛል፤ በሬ የተቃኘ ሦስተኛ ቢጨመር ላ ይገኛል። ሦስት መሣሪያዎች ሲሆኑ ያለ አንድ ፒስተን ትዝታ ይሞላል ማለት ነው። የእምቢልታ ሦስትነት ከዚህ ስሌት የመጣ ነው ማለት ባይሆንም፣ አሳቡ ግን አንድ ነው። የፈረንጁ ጓድ ልዩ ልዩ ቅኝት የሚይዘው ለጣት ምቾትና ለድምፅ ውፍረት ሲሆን፣ የእምቢልታው ጓድ የሚይዘው ያለዚያ ዜማ ስለማይኖር ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ከአሠራር ይልቅ በአስተዳደር ላይ ነው። የየመኰንኑ እምቢልታ እርስ በርሱ እንጂ ከሌላው መኰንን እምቢልታ ጋር የሚስማማበት አንድ መለኪያ አልነበረውም፤ ሁለት መኳንንት በአንድ ቀን በሱሉልታና በሰበታ በኩል ቢገቡ የሁለቱን እምቢልተኞች አንድ ላይ ማስነፋት አያስፈልግም ነበር፤ ክብሩ በየራሱ ነውና። የመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ግን ተቃራኒውን ይሻል። መሣሪያው ከአንድ ግምጃ ቤት ይወጣል፣ ድምፁ በአንድ መለኪያ ይቃኛል፣ ነፊው የሚታዘዘው ለጌታው ሳይሆን ለመንግሥቱ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፉት በዚህ ሥርዐት ነው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የተሰማው የመንግሥት መዝሙርም የዚሁ ሰው ድርሰት ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ኋላ ያን መንገድ አሰፉት።

ይሁን እንጂ ነጋሪት በስም እንኳ አልተተወም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በፍቼና በሱሉልታ በኩል እንጦጦን ወርደው መናገሻቸው ከገቡ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ድምፁ ወደ ወረቀት ተዛወረ ማለት ነው። እምቢልታ ግን እንዲህ ያለ ወራሽ አላገኘም።

ከነሐሱ ጋር የተገኘው ትርፍ ቀላል አይደለም፤ በወታደር የሙዚቃ ክፍሎች የሠለጠኑ ነፊዎች ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ምሰሶ ሆነዋል። የጠፋም አለ። ትዝታና ባቲ በፒስተን ያለ ብዙ ችግር ይነፋሉ። አንቺ ሆዬ ግን በአንዳንድ ድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከፒያኖ እርከን ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ነፊው በከንፈሩ ካላባበለው በቀር ነሐሱ ያስተካክለዋል፤ ሲያስተካክለውም ጣዕሙን ይቀንሰዋል። ነፊዎች ለዚህ ሳክስፎንን የመረጡት በፋሽን ብቻ ነው ማለት አያስኬድም፤ ድምፁን እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ማጠፍ ይቀልላልና።

የመኳንንቱ ሥርዐት በ1967 ዓ.ም. ሲያበቃ የእምቢልተኛው እንጀራም አብሮ ተቋረጠ። የነሐሱ ቅኝት በኖታ ተጽፏል፣ በፋብሪካም ስለሚሠራ ጓዱ ቢበተን ነገ መልሶ ማቋቋም ይቻላል። የእምቢልታው ቅኝት የተጻፈው በቱቦው ቁመት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በሙዚየምም ሆነ በግለሰብ ቤት የተገኘ እምቢልታ ሲመዘገብ ስሙንና የመጣበትን አገር መጻፍ አይበቃም። የሦስቱም ቁመትና የቱቦ ስፋት በሚሊሜትር መለካት፣ ሦስቱም በአንድ ቁጥር ሥር መቀመጥ አለባቸው። ከሁለቱ ጓዶቹ የተለየ እምቢልታ ድምፅ ይሰጣል፤ የየትኛው ዜማ ክፋይ እንደ ነበረ ግን ከእርሱ ብቻ ማወቅ አይቻልም።